ሞጣ ላይ የሰበርኩት ዘንግ

ሁለተኛ ዲግሪዬን ያገኘሁት በዓይኔ አይቼው በማላውቀው ማሽን ነው። አትሳቁ፤ በሒሳብ ትምህርት ይህ ነውር አይደለም። እንዲያውም ማሽኑን አለማየት ይረዳል። ያየ ሰው ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት አይመረቅም።

ማሽኑ ፕላስቲክ አቅልጦ ቱቦ የሚያወጣ ነው። ካላያችሁት የሥጋ መፍጫ አስቡ። ከላይ የተከተፈ ፕላስቲክ ይጨመራል። በሚሞቅ የብረት ሲሊንደር ውስጥ አንድ ጠመዝማዛ ዘንግ እየዞረ ፕላስቲኩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ፕላስቲኩም እየተገፋ ይቀልጥና በወዲያኛው አፍ ቱቦ ሆኖ ይወጣል። የኔ ጽሑፍ የቀለጠው ፕላስቲክ በዘንጉ ጥምዝ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ የሒሳብ ሞዴል ነው።

የሞዴል ነገር፣ አብዛኛው ሥራ «እንበል» ማለት ነው። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው እንበል። ፕላስቲኩ ንጹሕና አንድ ዓይነት ነው እንበል። ማሽኑ ሳያቋርጥ በአንድ ፍጥነት ይሠራል እንበል። ጥምዙ ለስሌት ስለሚያስቸግር ተዘርግቶ እንደ ቦይ ቀጥ ብሏል እንበል። ከሁሉ የምወደው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ ዘንጉ ቆሞ ሲሊንደሩ ነው የሚዞረው እንበል። ለስሌቱ ውጤት ለውጥ የለውም፤ ቀመሩ ግን ይቀላል። እኔም እንዲህ እንበል እንበል እያልኩ ተመረቅኩ።

የተመደብኩት ቢቸና ነው፣ ሒሳብ ላስተምር። አባቴ በዚሁ አካባቢ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ መሪጌታ ሲባሉ የማያውቃቸው አልነበረም። እኔ ከቅኔው ሸሽቼ ሒሳብ ብገባም ሰዉ «የመሪጌታ ልጅ ማሽን ተምሮ መጣ» ብሎ አስወራ። ከዚያ ወዲያ ወፍጮው የቆመበት፣ ባጃጁ የጨሰበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ያፏጨበት ሁሉ ይጠራኛል። «አላውቅም» አንድ ቃል ነው፤ አፌ ግን አልለመደውም። ማሽኑን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ፣ በጣቴ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ «ችግሩ ከውስጥ ነው» እላለሁ። በዚህ መልስ የተከራከረኝ ሰው የለም። ባጃጁን በኋላ መካኒክ ጠገነው፤ ባለቤቱ ግን «መምህሩ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር» እያለ ስሜን ከፍ አደረገልኝ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደሴ ደወለ። ደሴ አብሮ አደጌ ነው፤ የሚኖረው ሞጣ ነው።

«አንተ! ያንተን ማሽን ገዛነው!» አለኝ።

«የኔን?»

«ያጠናኸውን ነዋ! ቱቦ የሚያወጣውን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴና ሌሎች ስድስት ሰዎች ማኅበር መሥርተዋል። ደሴ ሊቀመንበር ነው። አሮጌ ጀሪካን ሰብስበው፣ አጥበው፣ ከትፈውና አቅልጠው የውሃ ቱቦ ያወጣሉ። አንድ የገጠር መንደር ምንጩን ወደ ደጁ ለማውረድ ቱቦ አዝዟቸዋል። መንደርተኛው ቦዩን ቆፍሮ ጨርሷል፤ ቱቦው ክረምት ሳይገባ መቀበር አለበት። ማሽኑ ደህና ነው። የሚያሠሩት ግን እትዬ ብርቄ የሚባሉ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ ደሴ እንደሚለው አይቸኩሉም።

«መጥተህ ፍጥነቱን በሒሳብ አውጣልን። አንተ ካላወቅኸው ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

«ማሽኑን አይቼው አላውቅም» የሚባለው እዚህ ላይ ነበር። ኔትወርኩ እንኳ ያን ቀን አልተቆራረጠም፤ ሰበብ የለኝም። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ለተማሪዎቻቸው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እኔንም እንደሚመለከት ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት የመመረቂያ ጽሑፌን በብብቴ ይዤ ከቢቸና አውቶብስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ጽሑፉን አይተው «የምን መጽሐፍ ነው?» አሉኝ። ስለ ቀለጠ ፕላስቲክ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «አቅልጠኸው ታውቃለህ?» አሉ። ከፈታኞቼ አንዳቸውም ይህን አልጠየቁኝም። እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ሞጣ ገባሁ።

ወርክሾፑ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ደሴ በሩን ሲከፍትልኝ አንድ ትልቅ ማሽን ፊት ለፊቴ ቆሞ አየሁ። ልቤ ደነገጠ፤ ሁለት ዓመት በደብዳቤ ብቻ የማውቃትን እጮኛዬን ያየሁ ያህል። ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። ለደሴም የት ላይ ግፊቱ እንደሚጨምር፣ የት ላይ ፕላስቲኩ እንደሚቀልጥ እያሳየሁ ገለጽኩለት። ደሴ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ «ይኸ መክተፊያው ነው። ያንተ ያ ነው» ብሎ ጥጉን አሳየኝ።

ጥጉ ላይ ያለው ከመክተፊያው ያንሳል። አጠገቡ እትዬ ብርቄ ቆመዋል፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ክንዳቸው በትናንሽ የቃጠሎ ጠባሳ የተሞላ። ስለ መክተፊያው የሰጠሁትን ማብራሪያ በሙሉ ሰምተዋል። ምንም እንዳልሰማ ሰው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

«የመሪጌታ ልጅ አይደሉ? ወንድሜ አባትዎ ዘንድ ቅኔ ተምሯል። እንኳን ደህና መጡ።»

እትዬ ብርቄ ማሽኑን የሚያሠሩት በራሳቸው መንገድ ነው። አንድ ረጅም ደረቅ እንጨት አላቸው፤ አንዱን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ከአፉ የሚወጣውን ትኩስ ፕላስቲክ ደግሞ በስንጥር ቆንጥረው ወደ ላይ ይስቡና ክሩ የት ላይ እንደሚበጠስ ያያሉ። ከዚያ ማሞቂያውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ይህን አይቼ አዘንኩላቸው። በሒሳብ ዓለም ቀመር እያለ እንጨት ማዳመጥ ኋላ ቀርነት መሰለኝ፤ ጽሑፌን ገልጬም ማስረዳት ጀመርኩ።

«እዚህ ላይ ዘንጉ ቆሞ ሲሊንደሩ ነው የሚዞረው እንላለን» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ በድንጋይና በሲሚንቶ የታሰረውን ሲሊንደር አዩት።

«ይኸ ይዞራል?»

«አይዞርም። ግን ይዞራል እንበል።»

«እንበል» አሉ በትሕትና።

ቀመሬ ቀላል ነው፤ ዘንጉ እጥፍ ከዞረ ቱቦውም እጥፍ ይወጣል። ፍጥነቱ ተጨመረ። ቱቦው በእርግጥ ፈጥኖ መጣ። ነገር ግን እዚህ ወፍሮ እዚያ ቀጥኖ፣ ያልቀለጠ ነጭ ነገር እየጎረበጠበት፣ አይጥ የዋጠ እባብ መስሎ ወጣ። «ፕላስቲካችሁ ንጹሕ አይደለም» አልኩ። ጀሪካኑ ዘይት የነበረበት፣ ጋዝ የነበረበት፣ ጠላ የነበረበት ነው፤ እንዴት ብሎ ንጹሕ ይሁን! እትዬ ብርቄ ዘወር ስል ፍጥነቱን ወደ ነበረበት መለሱት። ቱቦው ተስተካከለ። እኔም «አያችሁ፣ እየለመደ ነው» አልኩ።

እዚህ ላይ ብሄድ ኖሮ ይህ ወግ የሚያስቅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን መብራት ሄደ።

ጽሑፌ ውስጥ መብራት የሚሄድበት ገጽ የለም። መብራት ሲሄድ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕላስቲክም ዘንጉን እንደያዘ ይደርቃል። መብራቱ ሲመለስ ማሞቂያው ብቻ ይበራል፤ ዘንጉ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ እስኪቀልጥ አይነካም። ይህን የምነግራችሁ አሁን ስለማውቀው ነው። እትዬ ብርቄ ያኔም ያውቁት ነበር። ማሞቂያውን አብርተው ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ሽሮ ሠርተው ይበላሉ፣ ዕቃ አጥበው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በፊት ማሽኑን አይነኩትም። የማኅበሩ ሰዎችም «ማሽኑ መቼ ይነሣል?» ሲባሉ «ከእትዬ ብርቄ ሽሮ በኋላ» ነው የሚሉት።

ያን ቀን መብራቱ ሲመለስ የመንደሩ ሰዎች ቱቦውን ሊወስዱ አህዮቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ደሴ ሊያስተናግዳቸው ወደ ውጭ ወጣ። እኔና እትዬ ብርቄ ብቻ ቀረን። እስክሪብቶ አውጥቼ አሰላሁ፤ አርባ ደቂቃ ይበቃል ወጣልኝ።

በእኛ አገር እንግዳ፣ ያውም የተማረ፣ ያውም የወንድም መምህር ልጅ «ተሳስተሃል» አይባልም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። «ተሳስተሃል» የሚለው ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። የኔ ጥፋት ያን ቀን በየተራ ሲመጣ አለማወቄ ነው።

አርባው ደቂቃ ሲሞላ «እናስነሣው» አልኳቸው።

«ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሽሮ ልሥራልዎ» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አልራበኝም።»

«እንግዲያው መንገድ ደክሞዎታል፤ እዚህ ጆንያው ላይ ትንሽ ጋደም ይበሉ።»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

 እንጨቱን አንሥተው ሲሊንደሩን አዳመጡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አባትዎ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር አያቻኩሉም ነበር ይላል ወንድሜ። 'ይብሰል' ነበር አሉ የሚሉት።»

ከዚህ በላይ ምን ይናገሩ? እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «አዎ፣ አባቴ ሒሳብ አያውቁም ነበር» አልኩ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ይህን ማለቴ የሚቆጨኝን ያህል ዘንጉ አይቆጨኝም።

«እርስዎ ካሉ» አሉ እትዬ ብርቄ። ማሽናቸውን ሌላ ሰው እንዲነካው ስለማይወዱ ማስነሻውን በገዛ ጣታቸው ተጫኑት።

ሞተሩ አቃሰተ፣ አቃሰተና ከውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሞተሩ ጭነቱ እንደወረደለት አህያ ቀለል ብሎት ይሽከረከር ጀመር። ዘንጉ ተሰብሯል። እትዬ ብርቄ ማሽኑን አጥፍተው እጃቸውን ሲሊንደሩ ላይ ጫኑ፤ ትኩስ ነበር፣ እሳቸው ግን ቶሎ አላነሡትም።

ደሴ ሮጦ ገባ። «ምን ሆነ?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ቃል ከመውጣቱ በፊት ግን እትዬ ብርቄ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ቸኮልኩ፣ ሳይሞቅ አስነሣሁት።»

ደሴ ወደኔ ዞረ። «እስቲ አንተ እየው፣ ምን ሆኖ ነው?»

ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞርኩት። በጣቴም ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረግኩት።

«ችግሩ ከውስጥ ነው» አልኩ።

በዚያው ቀን አውቶብስ ተሳፍሬ ተመለስኩ። አዲሱ ዘንግ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ክረምቱ ገብቶ ነበር። የመንደሩ ቦይ በጎርፍ ደለል ተሞላ፤ ሰዎቹ ያን ሁሉ ቁፋሮ እንደገና ሊጀምሩት ነው። ማኅበሩም ተሰብስቦ እትዬ ብርቄን ከማሽኑ አንሥቶ ጀሪካን አጣቢ አደረጋቸው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ደሴ ነው፣ በስልክ። «ምን ይደረግ፣ የምንተማመንባቸው ሴት ነበሩ» አለኝ። እኔም «ያሳዝናል» አልኩት። ሌላ የሚባል ነገር እንደነበረ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስድስት ወር እንደዚህ ከረምኩ። ክፍል ውስጥ «እንበል» ልል ስል ምላሴ ይያዛል። አንድ ቀን ያን የአርባ ደቂቃ ስሌት አውጥቼ አየሁት። ለካ ያሰላሁት ለዘንጉ ጫፍ ነው፤ እዚያ የጥምዙ ጎድጓዳ ጠባብ ነው፣ ፕላስቲኩም ስስ ነው። በማስገቢያው በኩል ግን ጎድጓዳው ጥልቅ ነው፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ገና ድንጋይ ነበር። ስሌቱን ለጥልቁ ቦታ እንደገና ሠራሁት። ሁለት ሰዓት ከሩብ መጣ። ከዚያ ቤቴ ሽሮ ሠርቼ፣ በልቼ፣ ዕቃ አጥቤ ሰዓቴን አየሁ። እኔ ወንደላጤ ስለሆንኩ ትንሽ ዘገየሁ እንጂ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ኅዳር ላይ ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሞጣ ሄድኩ። ደሴን «ማኅበሩን ሰብስብልኝ» አልኩት። ሰበሰበ። ቆሜም ሁሉንም ተናገርኩ፤ እትዬ ብርቄ በሦስት መንገድ እንደከለከሉኝ፣ እኔ እንዳልሰማሁ፣ ዘንጉን የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያም ዝም እንዳልኩ።   ስጨርስ ደሴ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ ብርቄ ይጠሩ» አለ።

እትዬ ብርቄ ከማጠቢያው መጡ። ደሴ ያልኩትን ነገራቸው። ወደኔ አላዩም።

«አዝነውልኝ ነው» አሉ። «መምህሩ አዝነውልኝ ነው እንጂ እሳቸው ምን አጠፉ? ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው!» አልኩ።

«አየህ ጨዋነት!» አለ አንዱ የማኅበር አባል። «ለሰው ጥፋት መንገድ አቋርጦ መጣ!»

«የመሪጌታ ልጅ አይደል!» አለ ሌላው።

ወረቀቴን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ጥልቁን ቦታ፣ ሁለት ሰዓት ከሩቡን። ደሴ ተቀብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም አየውና በአክብሮት አጥፎ መለሰልኝ። «እኛ ይኸን ምን እናውቃለን ወንድሜ፤ ልብህን ግን አይተናል» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጮህኩ፣ ማልኩ፣ ለመንኩ። በማልኩ ቁጥር ደግነቴ እየበዛ ሄደ። በመጨረሻም ደሴ ተነሥቶ የማኅበሩ የክብር አባል እንድሆን ሐሳብ አቀረበ። ሰባት እጅ ተነሣ። አንዱ የእትዬ ብርቄ ነበር፤ የሳሙና ውሃ በክንዳቸው እየወረደ።

ስብሰባው ሲበተን ተከትያቸው ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ገንዳው ፊት ዝቅ ብለው ጀሪካን ያጥባሉ።

«ለምን እትዬ ብርቄ?» አልኳቸው። «እውነቱን ተናግሬ ነበር እኮ። ወደ ማሽኑ ይመልሱዎት ነበር።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ተዉት።

«ያን ዕለት ተናግረህ ቢሆን ጥፋቱ የሁለታችን ይሆን ነበር ልጄ። አንተም ትወቀሳለህ፣ እኔም እወቀሳለሁ፣ ያልፋል። ዛሬ ያንተ እውነት ነው ብል ግን እነዚህን ሰዎች ስድስት ወር ሙሉ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ማሽን የሰበረች ሴት ጀሪካን ታጥባለች፤ ምንም አይደል። የዋሸች ሴት ግን ከነሱ ጋር በምን ፊቷ ትቀመጣለች?»

 የመጣሁት ሸክሜን ላራግፍ ነበር፤ የማራግፈው እሳቸው ላይ መሆኑን አላሰብኩም።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጋለህ! ይልቅ አውቶብሱ እንዳያመልጥህ።»

እጃቸው ርሶ ስለነበር ለስንብት አንጓቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኩት። ልለቀው አልቻልኩም።

«በል ሂድ፣ የክብር አባል» አሉኝ፤ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አላቀቁና የሚቀጥለውን ጀሪካን አነሡ።